አርባ ፈረስ ጨው

ምንይችል ከባዝራዋ ጀርባ ሊንሸራተት ሲል የኮርቻውን ጫፍ ጨብጦ ለሦስተኛ ጊዜ ተረፈ። ከፊቱ ሠላሳ ዘጠኝ ፈረሶች አቧራውን እያስነሱ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። የእርሱ ባዝራ አርባኛ ነበረች፤ አርባኛ መሆኗም ደስ ያሰኛት ይመስል ከኋላ ቀስ እያለች ከመንገዱ ዳር ሣር ትነጫለች። አንገቱ ላይ የወረዳው ድምፅ ማጉያ ተንጠልጥሏል። በደረት ኪሱ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አለ። አፉን በሰማያዊ የጨርቅ ጭምብል ሸፍኗል፤ ጭምብሉም እንደ ልጓም አስጨንቆታል።

"ኮርቻውን ልቀቅና ልጓሙን ያዝ" አሉት አያ በዛብህ ፈረሳቸውን ወደ ኋላ መልሰው። "አያትህ እንዲህ ሆነህ ቢያዩህ ከመቃብር ተነሥተው ያወርዱህ ነበር።"

"ቢያወርዱኝ ደስታዬ ነው፣ አያ በዛብህ።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ሸፈኑት። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። በአካባቢው የፈረሰኞች አለቃ ናቸው፤ በፈረሳቸው ስም አባ ሸጋው ይባላሉ። ሸጋው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው። በዚያን ዕለት በጀርባው ቀይ የጌጥ ልብስ፣ ግላስ፣ ለብሶ፣ በአንገቱና በደረቱ ላይ የሙካሽ ጥልፍ የተሰፋበት መጣብር አንጠልጥሎ፣ በያንዳንዱ እርምጃ የነሐስ ቃጭሉን ያንሿሿል። ይህ ጌጥ በዓመት አንድ ቀን፣ ለፈረሰኞች የጥር በዓል፣ ከሣጥን የሚወጣ ነው። አለቃው ራሳቸው አቧራ ያልነካው ነጭ ባርኔጣ ደፍተዋል። የሌሎቹም ፈረሶች እንዲሁ ተሽሞንሙነዋል። እውነት ለመናገር፣ ለመርዶ የሚሄዱ አይመስሉም ነበር።

ጊዜው የ2012 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ነው፤ ስልክ ሲደወል ከጥሪው ፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ የሚቀድምበት፣ በየቢሮው በር ላይ ቧንቧ የተሰካበት ጀሪካን የቆመበት፣ ሰው ለሰላምታ እጁን ዘርግቶ መልሶ የሚሰበስብበት ጊዜ። እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ተዘግተዋል። ሚኒባስ ቆሟል፤ ባጃጅም ከየግቢው አልወጣም። ከተሞቹ ሲዘጉ ግን ገበያው አልቀረም፤ ወደ ገጠር ሸሸ። ድንች የሚያወርደው፣ ገብስ የሚሰፍረው፣ ከሰል የሚገዛው፣ ጫማ የሚያዞረው ሁሉ ከአስፋልቱ ርቆ ወንዝ ዳር ወዳለ አንድ ሜዳ ወረደ። ድሮ ሃምሳ ሰው የማይሞላው ቅዳሜ ገበያ ባለፈው ሳምንት ሜዳው ጠብቦት ነበር። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

የዞኑ ቃል አጭር ነበር። ገበያው በራሱ ካልቀረ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፖሊስ ይበትነዋል። የወረዳው ዋና አስተዳዳሪ ወይዘሮ ትዕግስት ይህን ስትሰማ ከተሾመች ገና አራተኛ ወሯ ነበር። ሐሙስ ዕለት ባልደረቦቿን ከቢሮ አውጥታ በግቢው ጥድ ሥር በተራራቁ ወንበሮች አስቀመጠቻቸውና እንዲህ አለች፦

"ገበያ የሚሄድ ገበሬ ዱላ ይይዛል። ፖሊስም ዱላ ይይዛል። በሽታው እዚያ መንደር ገና አልደረሰም፤ ከበሽታው ቀድመን እኛ ሰው ልናስቀብር ነው? እስከ ዓርብ ማታ መልእክቱን ለየመንደሩ የሚያደርስ መንገድ አምጡልኝ።"

መንገዱን ያመጣው ምንይችል ነው፤ የኮሙኒኬሽን ባለሙያው፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ከፈረሰኛ ዘር ተወልዶ ፈረስ የሚፈራ ብቸኛ ሰው። ከወንዙ ማዶ ኔትወርክ የለም። መኪናም ከሜዳው አያልፍም። ሬዲዮው የሚለውን ሰዎቹ ይሰማሉ፤ ግን የከተማ ሰው በሽታ ነው ብለው ይተዉታል። አለቃ በዛብህ ከነተከታዮቻቸው ቢነግሯቸው ግን የማይሰማ የለም። አስተዳዳሪዋ ሐሳቡን ወደደችው። ሽማግሌውም ተጠርተው መጡና ተስማሙ፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀደሙ።

"ፈረሰኛ የመንግሥት መልእክት ይዞ በባዶ ፈረስ አይወጣም" አሉ። "ጌጡን እናለብሳለን።"

"እንደወደዱ ያድርጉ፣ አያ በዛብህ" አለች ትዕግስት፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ምንይችልም ራሱን ነቀነቀ። በመላው አዊ የትኛውም የስድስት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን፣ ያጌጠ ፈረስ ሲመጣ አገር ነቅሎ እንደሚወጣ፣ ሦስቱም ረሱት።

ያስታወሳቸው የመጀመሪያው መንደር ነው። የቃጭሉ ድምፅ ከቀርከሃው አጥር ማዶ እንደተሰማ ሰው ከየቤቱ ፈሰሰ። ድንች የሚኮተኩተው መኮትኮቻውን ጣለ፤ ቡሃቃ የያዘችው ሴት እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች። ሕፃን ያዘለች አለች፤ ምርኩዝ የያዘ አለ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ነጠላቸውን ሳያጣፉ ከሁሉ ቀድመው ደረሱና እልልታቸውን አስነኩት። እማሆይ ስሜነሽ ይባላሉ፤ በዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፉ፣ በእልልታቸው ግን ገና ሠላሳ ያልሞላቸው ሴት ናቸው።

"በጾም የማን ሠርግ ነው?" አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ።

"ሠርግ አይደለም፣ እማሆይ። ስለ በሽታው ነው" አለ ምንይችል በድምፅ ማጉያው፣ በአማርኛም በአዊኛም። "ነገ ገበያ የለም። ሰው በአንድ ቦታ አይሰብሰብ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ።"

ሰዎቹ ደብዳቤውን በጥሞና ሰሙ፤ በደንብ ለመስማትም ተጠጋጉ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ስለ መራራቅ ሲሰሙ ምንይችል ላብ ላብ አለው። አያ በዛብህ ሊረዱት ፈለጉና ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉት። ሁለት ቃል ከተናገሩ በኋላ ግን መሣሪያው አማራቸው፤ ፎከሩበት። ወጣቶቹ ፈረሰኞች ሲፎከር ዝም ብሎ መቆም አልቻሉም። ስድስቱ የመንደሩን ሜዳ ሽምጥ ጋለቡት። እልልታው ሁለተኛውን መንደር ቀሰቀሰ።

ሁለተኛው መንደር እንደመጀመሪያው ሆነ፤ ሦስተኛው ባሰ። መልእክቱን የሰማ ሁሉ ወደ ቤቱ በመግባት ፈንታ ፈረሶቹን ተከትሎ ለሚቀጥለው መንደር ራሱ ሊያስረዳ ይነጉዳል። "ተሰብስባችሁ አትሂዱ ተብሏል" እያለ የሚጮኽ አንድ ጎልማሳ ምንይችል አየ፤ ከኋላው ሰባ ሰው ነበር። ዞረው ወንዙ ዳር ወዳለው ሜዳ ሲመለሱ የተከተላቸው ሕዝብ ከሰባት መቶ አያንስም። ይህን ያህል ሰው ካለ ብላ አንዲት ሴት ልጇን ልካ አንድ ቅርጫት ድንች አስመጣች። ሌላው ገብሱን አመጣ። ፀሐይዋ ዘንበል ሳትል፣ ነገ እንዳይቆም አርባ ፈረስ የተላከበት ቅዳሜ ገበያ ዓርብ ላይ ቆመ።

ምንይችል ከባዝራዋ ላይ ሆኖ ሜዳውን አየ። ሐሳቡ የእርሱ ነው። እዚህ መካከል አንድ የታመመ ሰው ቢኖር ዛሬ በሽታውን ለሰባት መቶ ቤት ያከፋፈለው እርሱ ነው። የቆሙት አብዛኞቹ ዘመዶቹ ናቸው፤ ስማቸውን ያውቃል። ማልቀስ አሰኘው፤ በጭምብል ውስጥ ማልቀስ ደግሞ ምን እንደሚመስል እንጃ።

ያን ጊዜ የወረዳው ፒካፕ ከሜዳው ጫፍ ቆመ። ትዕግስት ከዋና ሳጅን ወገኔ ጋር ወረደች። ከኋላ የተጫኑት ሦስት ፖሊሶችም ዘለው ወረዱ። አስተዳዳሪዋ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች።

"ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?"

"የእኛ መልእክት የደረሰው ሰው ነው፣ ክብርት አስተዳዳሪ" አለ ምንይችል። ከባዝራዋም ወረደ።

"ነገ እንዳይመጣ የነገርነው?"

"አዎ።"

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ምንይችል የምታለቅስ መሰለው፤ ጭምብሏን አስተካክላ ቀና ስትል ግን የሳቅ እንባ ነበር። ሳቁም ወዲያው ጠፋ።

"ትእዛዝ ይስጡኝ" አለ ወገኔ በጎኑ ያለውን ዱላ እየነካ። "አሁኑኑ እንበትነው። ዞኑ ነገ ከሚበትነው ዛሬ ብንበትነው ይሻላል።"

"ዱላህን መኪናው ውስጥ አስቀምጥ" አለችው። "ሰዎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። የጠሩትን ሰው አይመቱም።"

ከፒካፑ ኋላ ወጣችና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። አልሠራም። የአያ በዛብህ ፉከራ ባትሪውን ጨርሶታል። በባዶ ድምፅ ስትናገር ፊተኛው ሰው ብቻ ሰማት፤ ኋለኛው ለመስማት ተገፋፋ። "አትጠጉ" ስትል ምን አለች እያለ ይበልጥ ተጠጋ። ግፊያው አንድ ወጣት ሰው ገፍቶ ከሸጋው የኋላ እግር ሥር ጣለው። ሸጋው ጆሮውን አጠፈ፤ የኋላ እግሩንም አነሣ።

ማንም ራቁ አላለም። በሸጋው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ ግን እኩል፣ ሳይደናበር ወደ ኋላ አለ። ሕፃን ያዘለችው፣ ምርኩዝ የያዘው፣ ልጁ፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም ያን ያህል ተራምዶ ያን ያህል ላይ ቆመ። ምንይችል ክፍተቱን በዓይኑ ለካው። ከአንድ ሳምንት ጀምሮ በወረቀት፣ በቀለም፣ በመሬት ላይ በተሰመረ ኖራ ሊያስረዳ ሲለፋ የከረመበት ርቀት ነው።

ወደ መኪናው ሮጠ። "ክብርት አስተዳዳሪ፣ ሁለት እርምጃ አንበል። የፈረስ ርግጫ እንበል። እዚህ አገር ያን የማያውቅ የለም።"

ትዕግስት አየችው፤ ከዚያም ፈረሶቹን አየች። የእርሷም አባት ፈረስ ነበረው። "አያ በዛብህ" ብላ ተጣራች፣ "ፈረሶቹን ወደ ሰው መካከል ያስገቡልኝ። ኋላቸውን ወደ ሕዝቡ፣ በቀስታ።"

አለቃው አለንጋቸውን አንሥተው ምልክት ሰጡ። አርባው ፈረስ በየአቅጣጫው ገባ። ማንም አልገፋ፣ ማንም አልጮኸ፤ ሜዳው ግን እንደ ተዘረጋ ሰሌን ሰፋ። ቅድም የተጨማመቀው ሰው በየብቻው ቆሞ እርስ በርሱ ተያየና ሳቀ። ሳቁ ጸጥ ሲል የአስተዳዳሪዋ ድምፅ እስከ ዳር ተሰማ።

"ይህችን ርቀት ያዟት" አለች። "ከጎረቤታችሁ ጋር ስታወሩ በመካከላችሁ ፈረስ አለ በሉ። በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ በወንዝ ዳርም። ዛሬ የተሰበሰባችሁት በእናንተ ጥፋት አይደለም። ያጌጠ ፈረስ የላክሁባችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወረዳ የመጣ ሰው ብዙ ነገር ብሏቸዋል፤ ተሳስቻለሁ ሲል ግን ገና ያን ቀን መስማታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አንድም ሳይቀር ሰሟት። በመጨረሻ እማሆይ ስሜነሽ ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይሁን፣ ልጄ፣ ገበያው ይቅር" አሉ። "ጨውስ? ለፋሲካ ዶሮ ባይኖር ይቀራል፤ ጨው ከሌለ ግን ሹሮውስ በምን ይበላል? እኔ ጨው ከጨረስሁ ሦስት ቀኔ ነው። ነገ ገበያው ከሌለ ተደብቄም ቢሆን ጫግኒ ገበያ ድረስ እሄዳለሁ።"

"እኔም" አለ አንድ ሰው። "እኛም" አሉ ከዚያ ወዲያ ያሉት።

ምንይችል ደብዳቤውን በቃሉ ያውቀዋል። አሥራ አንድ ተራ ቁጥር አለው፤ አንዱም ስለ ጨው አይናገርም። ትዕግስትም ታውቀዋለች፤ የፈረመችው እርሷ ናት።

"ጨው እኛ እናመጣለን" አለች። "ሳሙናም ጭምር። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን፣ እስከ ደጃችሁ።"

"በምን?" አሉ እማሆይ። "መኪናሽ ከዚህ አያልፍም። አህያ ሰብስበሽ እስክትመጪ ሰኞ ይሆናል።"

የአስተዳዳሪዋ ዓይን ሳታስበው ፈረሶቹ ላይ ዐረፈ። ፈረሰኞቹም አዩዋት፤ ሁሉም ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ለዚያ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጫን ፈረስ ሌላ ነው፤ አጋሰስ ይባላል፣ ድንች ይሸከማል፣ ማንም ዞሮ አያየውም። የፈረሰኛ ፈረስ ግን ከጌታው በቀር ሸክም አይቀበልም። በጀርባው ከረጢት የተጫነበት ፈረስ በጥር በዓል ከሰልፍ ይወጣል፤ ነውሩም ጌታው ሲሞት በሙሾው ሳይቀር ይነሣበታል። ሸጋው ደግሞ ሸጋው ነው። ትዕግስት ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ለመጠየቅ አፏ አልተፈታም። ሽማግሌው እንቢ ካሉ ሰዉ ነገ ጨው ፍለጋ ይወጣል፤ ወገኔም ዱላውን ከመኪናው ያወጣል።

አያ በዛብህ ከፈረሳቸው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ኮርቻው ላይ አስቀመጡና የመጣብሩን መቆለፊያ መፍታት ጀመሩ። ምንይችል ሊያግዝ ተጠጋ፤ በክርናቸው ከለከሉት። መጣብሩን ፈቱ፣ ቃጭሉን ፈቱ፣ ቀዩን ግላስ አጣጥፈው በክንዳቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ፈረሱ ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ "ይቅር በለኝ። አንድ ሰሞን ብቻ ነው" ሲሉት ምንይችል ሰማ። ምንይችል ከዚያ በፊት የፈረስ ነገር ልቡን ነክቶት አያውቅም። በዚያች ደቂቃ ግን ነካው፤ ሽማግሌውን ማቀፍ አማረው። በመካከላቸው ፈረስ አለና አላቀፋቸውም።

"ነገ ጎሕ ሲቀድ ከመጋዘኑ በር እንገናኝ" አሉ አለቃው ለተከታዮቻቸው። "ጌጥ ያደረገ ፈረስ እንዳላይ።"

ከዚያ አርባው ፈረሰኛ እየተበተነ እያንዳንዱ የመንደሩን ሰው በፈረስ ርግጫ ርቀት አሰልፎ ወደየቤቱ መለሰው። ድንቿን ያስመጣችው ሴት እንኳ ቅርጫቷን አንሥታ ስትሄድ ከፊቷ ያለውን ሰው "ራቅ በል፣ እረግጥሃለሁ" ትለው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ምንይችል በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ባዝራዋ ጨው ስለተጫነች እርሱ በእግሩ ይሄዳል። ከፊቱ ሠላሳ ዘጠኝ ራቁት ፈረስ ከግራና ከቀኝ ከረጢት ተንጠልጥሎበት ይወርዳል። አንድም ቃጭል አይሰማም። ጌቶቻቸውም ልጓም ይዘው በእግራቸው ከፊት ይመራሉ፤ መኩራራት የለመዱት ጎበዞች እንደ ነጋዴ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሜዳው ላይ ከዞን የመጡ አሥር ፖሊሶች ከወገኔ ጋር ቆመዋል። ሜዳው ላይ የሚታየው የትናንቱ ፋንድያና ሁለት ቁራ ብቻ ነው።

"ገበያው የት ነው?" አለ ከዞን የመጣው ኃላፊ።

"ሲያልፍ እያየኸው ነው" አለው ወገኔ ወደ ፈረሶቹ እያመለከተ።

የመጀመሪያው መንደር ሲደርሱ ከቀርከሃው አጥር የወጣ ሰው አልነበረም። አያ በዛብህ ሸጋውን እየሳቡ ከመጀመሪያው ደጅ ቆሙ። ሁለት ኪሎ ጨውና አንድ ሳሙና ከደጁ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ልክ ያን ያህል። በሩ ተከፈተ። እማሆይ ስሜነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጣፍተው ብቅ አሉ። ጨዉን አላነሡም። ፈረሱን አዩት፤ ከረጢቱ ያሻከረውን ጎኑን፣ ትናንት ቀይ ግላስ የነበረበትን ጀርባ አዩ። ከዚያ በአቧራ ነጭ የሆነውን የሽማግሌውን እግር አዩ።

አያ በዛብህ አቀርቅረው ቆሙ። የሚመጣውን ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

"አባ ሸጋው" አሉ እማሆይ፣ "ትናንት እልል ያልሁት ለግላስህ ነው። የዛሬው ለአንተ ነው።"

እልልታቸውም ወጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከደጃቸው ያልተሻገረ። ከጎረቤት አጥር ውስጥ ሌላ ሴት ተቀበለቻቸው። ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ቤት ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም፣ እስከ ዳገቱ ራስ፣ ከዳገቱም ማዶ ወዳለው መንደር። ምንይችል የባዝራዋን ልጓም ይዞ በመንገዱ መካከል ቆመና ደጆቹን አንድ በአንድ አየ። አገሩ ሁሉ እልል ይላል፤ አንድም ሰው ግን ከደጁ አልወጣም።

አያ በዛብህ ቀና አሉ። ባርኔጣ እንዳላደረጉ ረስተው እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፤ ሽበታቸውን ነክተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ሸጋውን ወደሚቀጥለው ደጅ ሳቡት።